ጨጓራን ለማሳነስ የሚወስን ሰው ቢቸናና ሞጣ ላይ ምን ይጠብቀዋል?

ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ ሰው ከርሞ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ ዐይን የሚያርፈው ሰውነት ላይ ነው። የወፈረው «ተመችቶሃል» ይባላል፤ የከሳው «ምነው? አሞህ ነበር እንዴ?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ንግግር ውስጥ ክፋት የለም። ድርቅን፣ የሳንባ ነቀርሳን፣ በኋላም ኤችአይቪ መድኃኒት ሳይገኝለት ሰው ያመነመነበትን ዘመን ያየ ሕዝብ ክሳትን እንደ መርዶ፣ ውፍረትን እንደ ምርቃት ቢቆጥር አይፈረድበትም። እንዲህ ባለ አገር «ክብደቴን ለመቀነስ ጨጓራዬን ላስቆርጥ ነው» የሚል ሰው ነገሩን ለእናቱ ማስረዳት ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው መጥቷል። ውጭ አገር ያለች እህት ተሠርታ ፎቶዋን ትልካለች፤ ስልክ ላይ የ«ቦርጭ ማጥፊያ» ማስታወቂያ አያቋርጥም፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ከሐኪሙ «ክብደት ቀንስ» ሲባል ዓመታት አልፈውታል። ይህ ዳሰሳ ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚታወቀውን ሰብስቦ ከእነዚህ ሁለት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ኑሮ ጋር ያገናዝባል። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ሕክምናው ለሚያስፈልገው ሰው ዕድሜ ይጨምራል። ውሳኔው ግን ከቀዶው በኋላ በሚመጡት ሃያና ሠላሳ ዓመታት መመዘን አለበት፤ እነዚያ ዓመታት የሚኖሩት አዲስ አበባ ወይም ኢስታንቡል ሳይሆን ቢቸናና ሞጣ ነውና።

ችግሩ እኛ ዘንድ አለ?

እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 30 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ የከሱ፣ 3 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ሆነው አገኛቸው። በ2016 የከሱት ወደ 22 በመቶ ሲወርዱ የወፈሩት ወደ 8 በመቶ ወጡ። ከተማና ገጠር ሲለያይ ደግሞ በከተማ 21 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ ሆነ። ረሃቡ ሳይወጣ ውፍረቱ ገብቷል ማለት ነው።

ልዩነቱ ቢቸናና ሞጣ ዙሪያ ጥናት ሳያስፈልግም ይታያል። በቢቸና ዙሪያ ያለው የእነማይ ወረዳ ገበሬ በጥቁር አፈሩ ላይ በሬ ተከትሎ ይውላል፤ ገበያ የሚመጣውም በእግሩ ነው። ከተማ ገብታ ሱቅ የከፈተች እህቱ ከጠዋት እስከ ማታ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ዘይት፣ ፓስታና ስኳር ትሸጣለች፤ ሲመሽ ባጃጅ ወደ ቤቷ ያደርሳታል። ሁለቱም ከአንድ ማሳ የወጣ ጤፍ ይበላሉ። የለያያቸው ከእንጀራው ይልቅ እግራቸው ነው።

ለማን ይገባል?

መመዘኛው ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር አንዴ በራሱ አባዝቶ፣ ለዚያ ማካፈል ነው፤ ውጤቱ ቢኤምአይ ይባላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 77 ኪሎ ስትሆን 30፣ 90 ኪሎ ስትሆን 35፣ 103 ኪሎ ስትሆን 40 ላይ ትደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ያወጡት መግለጫ ቀዶ ሕክምናውን 40ና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ወሰነው። በ2022 የአሜሪካና የዓለም አቀፍ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ገደቡን ወደ 35 ዝቅ አደረጉ፤ ስኳርን የመሰለ ሕመም ላለበትም ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ እንደሚችል ጻፉ።

ከዚህ የምንይዘው፣ ለሠርግ ቀሚስ ወይም ለቦርጭ ብቻ ተብሎ የሚደረግ አለመሆኑን ነው። ጨጓራ ሲቆረጥ ተመልሶ አይቀጠልም። በሌላ በኩል 105 ኪሎ ሆና፣ ስኳሯ አልገታ ብሎ፣ ጉልበቷ ደረጃ አላስወጣ ያላትን ሴት «አፍሽን ያዢ» ማለት ስንፍናን እንደ ምክር ማቅረብ ነው። ውፍረት የፈቃድ ድክመት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰውነት የቀነሰውን ኪሎ ለማስመለስ ረሃብን እያበረታ እንደሚታገል ሕክምናው ካወቀ ቆይቷል።

ከመቁረጥ በፊት መንስኤ ይፈለጋል። እንቅርት በብዛት በሚታይበት በጎጃም ደጋ የታይሮይድ ምርመራ ሊዘለል አይገባም፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ክብደት ይጨምራል፤ ሕክምናውም ክኒን ነው። ለአስም ወይም ለቁርጥማት ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን፣ በአንዳንድ ሴቶች ላይም የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ያወፍራሉ።

ቢላው የሚሠራው ሥራ

ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ባደረጉት ባይፓስ ተራመደ። በባይፓስ ከጨጓራ አናት የሲኒ ግማሽ የማይሞላ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ወረድ ብሎ ካለው የትንሹ አንጀት ክፍል ጋር ይገናኛል፤ ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ግን ስሊቭ ነው፤ ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ እጅጌ ጠባብና ረጅም ይሆናል። ሁለቱም በአብዛኛው የሚሠሩት ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራ ነው። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን የሚመነጨውም በብዛት ከሚቆረጠው ክፍል ስለሆነ ታካሚው ቶሎ ከመጥገቡ በላይ ረሃቡ ራሱ ይበርድለታል።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ስሊቭ በአማካይ ከጠቅላላ ክብደት ሩቡን ያህል፣ ባይፓስ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከላይ የጠቀስናት ባለ 103 ኪሎ ሴት ወደ 77 ወይም ወደ 72 ትወርዳለች ማለት ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ከ4,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው ጥናት የተሠሩት ካልተሠሩት ይልቅ በሞት የሚቀጠፉት በሩብ ያህል ያነሱ መሆናቸውን በ2007 አሳየ። የብዙዎች ስኳር በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው የድሮውን መጠን ይዞ ከቀጠለ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጠኑን ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስተካከል አለበት።

ጉዳቱም በግልጽ ይነገር። በበቃ ማዕከል ከ1,000 ታካሚ ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ይሞታሉ። በስሊቭ ከ100 አንድ ወይም ሁለት ሰው የተሰፋው ቦታ ያፈስበታል። ደም እግር ውስጥ ሊረጋ፣ የሐሞት ጠጠር ሊፈጠር፣ በሦስተኛው ወር ገደማ ፀጉር ሊረግፍ፣ ቆዳ ሊንጠለጠል ይችላል። ከዓመታት በኋላ የተወሰነውን ክብደት መልሰው የሚያገኙም አሉ።

አማራጭ መርፌ እንዳለ ማወቅ ከውሳኔው በፊት ያስፈልጋል። ሴማግሉታይድ እ.ኤ.አ. በ2021 ለክብደት ቅነሳ በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን በጥናት 15 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በየሳምንቱ የሚወጋ፣ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ፣ ዋጋው ከባድ መድኃኒት ነው፤ ሲቆም አብዛኛው ኪሎ ይመለሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለዓመታት መያዙ የራሱ ፈተና አለው።

የት ይሠራል? ምን ይጠየቃል?

ሕክምናው ቢቸናና ሞጣ ሆስፒታሎች የሚሰጥ አይደለም። አቅም ያለው ዐይኑን ወደ አዲስ አበባ፣ አለዚያም ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ይጥላል። ርካሽ ጥቅል ያየ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ቱርክ ሄደው ለክብደት ቅነሳ ጨጓራቸው ውስጥ ቦቱሊነም የተወጉ ብዙ አውሮፓውያን በመርዙ ታመው ጡንቻቸው ዝሎ ሆስፒታል ገቡ። ቀዶ እንኳን አልነበረም፤ «ቀላል» የተባለ መርፌ ነበር።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ለቀዶ ሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ። ይህን ቀዶ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ከሠሯቸው ስንቱ አፈሰሰባቸው? ሆስፒታሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አለው? ሌሊት ብደውል ማን ያነሣል? ከስድስት ወር በኋላ ማን ያየኛል? እነዚህን በትዕግሥት የማይመልስ ሐኪም ዘንድ ለሌላ ጉዳይ ይኬድ እንጂ ለዚህ አይኬድ።

ዝግጅቱ

እኛ ዘንድ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው ሳይጠሩት የሚመጣ ነው። ትርፍ አንጀት ይፈነዳል፣ ምጥ ይጠናል፣ አንጀት ይጠማዘዛል፤ ሰው በቃሬዛ ይገባና ቤተሰቡ ይፈርማል። ቀን ተቆርጦለት፣ ወራት ተዘጋጅተውበት፣ በእግር ተሂዶ የሚገባበት ቀዶ አዲስ ነገር ነው። የዝግጅቱን ወራት እንደ መጉላላት መቁጠር ስለዚህ የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

ከምርመራው ግንባር ቀደሙ ኢንዶስኮፒ ነው። «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው በሌለበት አገር ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በጣም የተስፋፋ ነው፤ ካለ ከቀዶው በፊት ይታከማል። የሰገራ ምርመራ፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚንና የአይረን መጠን ይታያል፤ መንጠቆ ትልና ደም ማነስ ይዞ የሚገባ ሰው ደም ማነሱ በኋላ ለመድኃኒት በቀላሉ እጅ አይሰጥም። የሚያንኮራፋና ተኝቶ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ለማደንዘዣ ባለሙያው ይናገር፤ ማንኮራፋት የጥጋብ እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ቢወሰድም እዚህ ላይ አደጋ ጠቋሚ ነው። ሲጋራ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይቆማል።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ጉበት እንዲያንስና ሐኪሙ ጨጓራውን በቀላሉ እንዲያገኝ ዝቅተኛ ካሎሪ ያለው ምግብ ይታዘዛል። ይህን ከጾም ጋር አንድ የሚያደርጉ አሉ። ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በዘይት ያበደ ሽሮና ሦስት እንጀራ የሚበላበት ከሆነ ጉበትን አያሳንስም። የታዘዘው መጠኑ የተለካ፣ ፕሮቲኑ የበዛ፣ ስብና ጣፋጩ የተቀነሰ ነው።

በመውለድ ዕድሜ ያለች ሴት ከቀዶው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እንዳታረግዝ ትመከራለች። ክብደት ሲቀንስ ቀርቶ የነበረ የወር አበባ ተመልሶ ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል፤ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ ክኒን በደንብ ላይመጠጥ ስለሚችል ክንድ ላይ የሚቀበረው ይመረጣል። ይህ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው።

የገንዘቡም ስሌት በቀዶው ዋጋ አያልቅም። የመመላለሻ፣ የአዲስ አበባ መኝታ፣ የአስታማሚ፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ የቫይታሚንና የደም ምርመራ ወጪ አለ። ዕቁቡን አውጥቶ ለቀዶው የጨረሰ ሰው በሁለተኛው ዓመት ቫይታሚኑን ያቋርጣል፤ ጉዳቱ የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ገበታው

በጎጃም ገበታ ላይ «በቃኝ» የመጨረሻ ቃል ሆኖ አያውቅም። «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን፣ እቺን ብቻ!» ይከተለዋል፤ ጉርሻውም አንድ ሆኖ አይቀርም። ጨጓራው እንደ እጅጌ የጠበበ ሰው ግን ከአቅሙ በላይ አንድ ጉርሻ ከዋጠ ደረቱ ይጨነቃል፣ ያስታውካል። ስለዚህ እናት፣ አማትና ጎረቤት ከቀዶው በፊት ሊነገራቸው ይገባል፤ የተዘጋጀ ቤተሰብ ከማንኛውም ክኒን እኩል ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምግብ ፈሳሽ ነው፤ ቀጥሎ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ደግሞ ወደ ተራው ምግብ ይመጣል። ለዚህ የአገራችን ጓዳ ድሃ አይደለም። የተጣራ የምስር ሾርባ፣ ቅባቱ የወጣ አሬራ፣ አጓት፣ እርጎ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት ያለ ስኳር ይሆናሉ፤ ቀጥሎ እንቁላል፣ የላመ ሽሮ፣ ዓሣ ይመጣሉ። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ገበታው ላይ መጀመሪያ የሚበላውም እሱ ነው። ለስላሳ ዳቦና እርጥብ እንጀራ ተድቦልቦለው ሊያንቁ ስለሚችሉ ቆይተው፣ በትንሽ በትንሹ ይጀመራሉ። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል።

ባይፓስ የተሠራ ሰው ብርዝ፣ ማር ወይም ለስላሳ መጠጥ ሲወስድ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ጣፋጩ ሳይፈጭ አንጀት ውስጥ ስለሚወድቅ ነው። አረቄና ጠጅ ደግሞ በፍጥነት ደም ውስጥ ይገባሉ፤ ድሮ በሦስት መለኪያ የማይሞቀው በአንዱ ይሰክራል፤ ከባይፓስ በኋላ የመጠጥ ሱስ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች እንደሚበዙም ተጠንቷል። አይረን ከቡና ጋር አይዋጥም፤ ቡና አይረኑን ይይዘዋል። አይረንና ካልሲየምም ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራራቃሉ።

ጾሙ ለብቻው መታየት አለበት። ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ፣ ካህን እስከ 250 ቀን ይጾማል። ቫይታሚን ቢ12 በእህልና በአትክልት ውስጥ አይገኝም፤ ጨጓራው የተቆረጠ ሰው ደግሞ ከሥጋና ከእንቁላል የሚያገኘውንም በደንብ አይወስደውም። ጉበት ያከማቸው ለጥቂት ዓመታት ያቆየዋል፤ ሲያልቅ እግር ይደነዝዛል፣ ደም ያንሳል፣ መርሳት ይመጣል። የነርቭ ጉዳቱ ሁልጊዜ አይመለስም። ስለዚህ የሚጾም ሰው የቢ12 መርፌውን ወይም ክኒኑን አንድም ጊዜ አያስተጓጉል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት፤ ጉዳዩን ከቀዶው በፊት ለንስሐ አባት ነግሮ በመጀመሪያው ዓመት ምን መጾም እንደሚቻል መመካከር ይበጃል። ጸበልም እንዲሁ፦ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ መጠመቅ ይቻላል፤ በባዶ ሆድ በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ ግን ለዚህ ሰው አደጋ ነው። ከጥሬ ሥጋ የመጣን ኮሶ በሐኪም ክኒን እንጂ በኮሶ መድኃኒት ማስወረድ አይሞከርም።

መንገዱና ሆስፒታሉ

የማፍሰስ አደጋ በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ትኩሳት፣ በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ ወደ ትከሻ የሚወጣ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ ታካሚው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ከተሠራበት ሆስፒታል አጠገብ ይቆይ። ሲመለስም የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ላይ ይውረድና እግሩን ያፍታታ፤ ረጅም ጉዞ ተቀምጦ መዋል ደም ያረጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ የኖረ ሰው መድኃኒት በፈለጉት ቀን እንደማይገኝ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የስድስት ወር ቫይታሚን ቤት ውስጥ ማኖር ቅንጦት አይደለም። ከሁለት ቀን በላይ የሚያስታውክ ሰው ወደ ትልቁ ከተማ የሚወስድ መንገድ ባያገኝ በአቅራቢያው ሄዶ የቢ1 መርፌ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ይሁን፤ የቢ1 እጥረት አእምሮን በቀናት ውስጥ ይጎዳል።

አሁን አገራችን ልዩ ወደምትሆንበት ነጥብ ደረስን። የአንጀት መጠማዘዝ በሰሜኑ የኢትዮጵያ ደጋ ከሌላው ዓለም ይልቅ በብዛት የሚታይ ሕመም ነው። በቢቸናና በሞጣ ሌሊት የሚነሡት የቀዶ ባለሙያዎች ይህን ሕመም በዓመት ደጋግመው ያዩታል፤ እጃቸው ለምዶታል። ባይፓስ የተሠራ ሰውም ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ አንጀቱ በተፈጠረው አዲስ ክፍተት ገብቶ ሊታጠፍ ይችላል፤ ቁርጠቱ አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን ሆዱን የከፈተው ባለሙያ የሚጠብቀውን አንጀት አያገኝም፤ የተቀጣጠለው በሌላ ሥርዓት ነው። ይህን ሰው የሚያድነው አንዲት ወረቀት ናት፦ ምን ዓይነት ቀዶ እንደተሠራ፣ መቼ፣ የት፣ በማን፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ከቀዶው ሥዕል ጋር። አንዷ በቦርሳ፣ አንዷ በቤት፣ አንዷም በሆስፒታሉ ካርድ ውስጥ ትቀመጥ። እዚያው ወረቀት ላይ «ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጠው» ይጻፍ፤ ከመድኃኒት ቤት ለጉልበት ሕመም እንደ ከረሜላ የሚገዙት እነዚህ ክኒኖች ከባይፓስ በኋላ የተቀጠለውን ቦታ ያቆስሉታል፤ ፓራሲታሞል ይተካቸዋል።

ፍትሑስ?

«እናት በምጥ ለመሠራት ሰዓታት በምትጓዝበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይገባዋል። የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና የላንሴት ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. 5 ቢሊዮን ሰው ደህና ቀዶ ሕክምና በጊዜው እንደማያገኝ ጽፏል፤ እኛም ከእነሱ ውስጥ ነን። የመንግሥት ገንዘብ ቀድሞ ለምጡ፣ ለተጠማዘዘው አንጀትና ለተሰበረው እግር መዋሉ ትክክል ነው። የወረዳው ድርሻ ሌላ ነው፤ ርካሽም ነው፦ ጤና ጣቢያው ክብደትና ቁመትን ከደም ግፊት ጋር አብሮ ይለካ፣ ሆስፒታሉ ቢ12ና ቢ1 መርፌ አይጣ፣ ሌላ አገር ተሠርቶ የመጣውን ሰው «ራስህ ያመጣኸው ነው» ሳይል ይከታተል። የስኳር ሕሙማን ክትትል ያለበት ክፍል ይህን መጨመር አያቅተውም።

ለሚወስነው

ቀን ከመቁረጡ በፊት አምስት ሰዎችን በስም ይቁጠር፦ ከሠራው ሐኪም ሌላ ደሙን በየዓመቱ የሚያይለት አንድ ሐኪም፣ ቫይታሚኑን የሚያቀርብለት አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ሌሊት ሆስፒታል የሚያደርሰው አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት፣ ነገሩን የሚያውቁ አንድ የንስሐ አባት፣ ማዕድ የሚያቀርብለት አንድ የቤት ሰው። አምስቱ ከተሟሉ ይሂድ፤ ቢፈራም ይሂድ። ካልተሟሉ ገንዘቡን ይዞ ይቆይና መጀመሪያ እነሱን ያሟላ፤ ቢኤምአዩ እስከዚያ አይጠፋም።

ተሠርቶ ሲመለስ ያ የመጀመሪያው ጥያቄ ደጃፉ ላይ ይጠብቀዋል፦ «ምነው? አሞህ ነበር እንዴ?» መልሱን በቀዶው ማግስት መፈለግ አይገባም። አስቀድማ ሁሉን የሰማች እናት ቀድማ ትመልስለታለች፦ «አሞት ነበር፤ አሁን ተሽሎታል» ትላለች። ከዚያም ትንሿን ሰሃን ታቀርብለታለች፤ «በሞቴ» ሳትል።